መሀሉ የሰመጠው ሻማ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከገበያ ብርጭቆ ውስጥ የተሞላ ሻማ ገዝታ መጣች። ገልጣ አየችውና፣ «መሀሉ ሰምጧል፤ የተበላሸ ነው የሰጡኝ» አለች። ተቀብያት አሸተትኩት። ያው የድሮው የሰም ሽታ ነው። መልሼ ሰጠኋትና ወደ ጓዳ ገባሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሻማ ያሠራ ነበር፤ እኔም ማትሪክ ሳይመጣልኝ ሲቀር እዚያ ገባሁ። የድሬዳዋ ሙቀት ብቻውን ይበቃል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሦስት የከሰል ምድጃ ይነድ ነበር። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፣ የሰሙ ጭስ ዓይን ያቃጥላል።

ኃላፊያችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበረች። እኔንም እናቴንም ትጠላን ነበር፤ ምክንያትም ነበራት። ትርፍ ቤት ከመወረሱ በፊት የእኛ ተከራይ ነበረች። አራስ ሳለች፣ ሕፃኗ እያለቀሰች አላስተኛ አለችኝ ብላ እናቴ ዕቃዋን ከግቢ አስወጣችባት። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ፍራሿ አቧራው ላይ ተጥሎ ማየቴን አስታውሳለሁ። ሻማ ቤት በገባሁ ቀን እንደ ድሮው «እትዬ» ብላት፣ «እትዬ እናትሽ ናት። እኔን ጓድ በይኝ» አለችኝ።

ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። የቀለጠ ሰም ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና መሀሉ፣ ክሩ ዙሪያ፣ ይሰምጣል። ስለዚህ ሳይጠነክር በወስፌ ወጋ ወጋ ተደርጎ ሁለተኛ ሰም ይጨመርበታል። ብርጭቆው ሳይሞቅ ከተሞላም ሰሙ ከጎኑ ይለቅና እንደ ለምጽ ነጣ ነጣ ይላል።

ለአብዮት በዓል፣ ለአዳራሹ ጠረጴዛዎች፣ ስልሳ ሻማ ታዘዝን። እሷን ለማናደድ ይሁን ከስንፍና፣ ብርጭቆዎቹን ሳላሞቅ ሞላኋቸው፤ ሁለተኛውንም ሰም ተውኩት። ጠዋት ስንመጣ ግማሾቹ ሰምጠዋል።

«ይሄ ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ሰም ነው፣ ይሰምጣል።»

«አሻጥር ነው የሚባለው። አቦ፣ እኔን ልታስበዪኝ ነው?»

ያኔ አሻጥር ሰው የሚያስገድል ቃል ነበር። ለማንም ግን አልተናገረችም። እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ እወጋለሁ፣ እሷ ሰሙን በማንኪያ ትሞላለች። ሲደርቅ የከሰል ካውያ አግላ፣ ሳታስነካ ከላዩ ታሳልፈዋለች፤ ሰሙ ወዝቶ ይተኛል። ከጎን የለቀቁትን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትነክራቸዋለች። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ሠራን። ስሳሳት በማንኪያዋ እጄን ትመታኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ሁሉንም አስተካክለን ደርድረናል ስንል ለካ አንድ አምልጦናል። እሱን አነሳው።

«ማናት ይሄን የሠራችው?»

ኃላፊዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ማንኪያዋ ያረፈበት እጄ ገና ይለበልበኝ ነበር።

«እሷ ናት» አልኩ።

ዞራ አየችኝ። አልካደችም። «ኃላፊዋ እኔ ነኝ» ብቻ አለችው። ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችና ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተከትላው ወጣች። ሁለት ወር ታሰረች። ስትፈታም ሻማ ቤት አልተመለሰችም። እኔም እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴ እንኳ።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ሞተች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከሴቶቹ መሀል ኃላፊዋን አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ሦስቱንም ቀን እየመጣች ተቀመጠች፤ እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። በሦስተኛው ቀን ልትሄድ ስትነሳ ተከትያት ወጣሁ።

«ያን ቀን እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሰችኝም።

«ለእናትሽ ነው የመጣሁት» አለች።

ከትከሻዬ የወረደውን ነጠላ መልሳ አለበሰችኝና መንገዱን ተሻግራ ሄደች።