የሌለኝ ሦስት ጋሻ

ለዋሾ ሰው መሬት ርካሽ ነው። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ልደታ ማርያም አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ያለ ምንም ወጪ ሦስት ጋሻ መሬት አፍርቻለሁ። ወንዝም ላክልበት አስቤ ነበር፤ ይበዛል ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የጋብቻ ነው። የአንድ የጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ሴት ልጅ ወደድኩ። ሽማግሌ ልልክ ስል፣ ከተላኪዎቹ አንዱ፣ በሰፈራችን አንደበቱ የተመሰከረለት ሰውዬ፣ “አባትህ ምን አላቸው ብዬ ልናገር?” አለኝ። አባቴ በሰው መሬት ላይ ሲሶ እየከፈሉ የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። የራሳቸው የሚባል መሬት ካለ ጥፍራቸው ውስጥ የገባው ነው። ይህን ብዬ ሚስት ልጠይቅ? “ርስት አላቸው” አልኩ። “ስንት?” ሲለኝ አንድ ማለት አሳፈረኝ። “ሦስት ጋሻ።” አንዱ ጋሻ ብቻ እኮ መንደር ያሰፍራል! ሽማግሌው ሦስቱንም ተሸክሞ ሄደ፤ ሚስቴም መጣችልኝ።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ የመሬት አዋጁም ወጣ። ባለ ጋሻው ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። የእኔ ብቻ ሳይወረስ ቀረ፤ የሌለ ነገር እንዴት ይወረሳል?

አንድ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀበሌያችን የነዋሪውን የመደብ አመጣጥ ይመዘግብ ጀመር። እኔም ቅጹ ላይ “የጭሰኛ ልጅ” ብዬ በደማቁ ጻፍኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባቴ እውነት መናገሬ ነው፤ ጉድ የፈላውም በእውነቱ ነው። በስብሰባው ላይ ስሜ ሲነበብ ያ ሽማግሌ ብድግ አለ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ሰው የፊውዳል ልጅ ነው። የአባቱን ሦስት ጋሻ በዚህ አፌ ተሸክሜ ጌጃ ሰፈር ያደረስኩት እኔ ነኝ።”

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ያን ጊዜ ያወቀውን ያልተናገረ ሰው ደብቋል ተብሎ ይያዝ ነበር። ከእኛው መደዳ ሁለት ጎረቤቶች ፊውዳል ተብለው ተወስደዋል። የአንደኛው ሚስት በየቀኑ እስር ቤት ምሳ ታደርስለት ነበር። አንድ ቀን ዘበኞቹ ሳህኑን ከነምግቡ መለሱላት፤ ለምን እንደሆነ እሷም አልጠየቀች፣ እነሱም አልነገሯት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህን ሲንኳኳ እደነግጣለሁ።

“ዋሽቼ ነው!” አልኩ። “ሚስት ለማግባት ዋሽቼ ነው!”

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገለበጠ። “ዛሬማ አገሩ በሙሉ የጭሰኛ ልጅ ሆኗል። ባላባቶቹ ሁሉ መሃን ነበሩ ልትለኝ ነው? እስከ እሁድ አባትህን አምጣ።”

በአንድ የእህል መኪና ሾፌር ላኩባቸው። የዚያን ሳምንት ቢሮ በጽሕፈት መኪና የማትመውን ደብዳቤ ሁሉ አበላሸሁ፤ አንዱን “ለሦስት ጋሻ ጽሕፈት ቤት” ብዬ አትሜው አለቃዬ መለሰልኝ። አባቴ ቅዳሜ ደረሱ፤ ከእህል ጆንያ ላይ ሲወርዱ ጋቢያቸው አቧራ ብቻ ነበር። ሁሉንም ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን ምን ብዬ? በእርስዎ አፍሬ ሌላ አባት ፈጠርኩ ብዬ?

“ነገ ስለ መሬት ይጠይቁዎታል” አልኩ። “እውነቱን ብቻ ይናገሩ።”

“እውነት ለመናገርም ምክር ያሻል?” አሉኝ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልብስ ሰፊው አማቼ ከፊት ወንበር ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

“አባት” አለ ሊቀመንበሩ፣ “ልጅዎ ሚስት ሲያገባ፣ አባቴ ሦስት ጋሻ አላቸው ብሎ ልኳል። ነበርዎት ወይስ ልጅዎ ዋሽቷል?”

አባቴ እኔን አዩኝ። ቀጥሎ አማቼን አዩ። በአባቴ አገር ሰው ልጁን በአማቱ ፊት ውሸታም አያሰኝም። በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

“ልጄ አይዋሽም። ሦስት ጋሻ ነበረኝ።”

“ይዋሻሉ! ጓድ ሊቀመንበር፣ አባቴ ይዋሻሉ! አንድ ክንድ መሬት የላቸውም!”

“ዝም በል!” አሉኝ። “በሰው ፊት አባትህን ታዋርዳለህ?”

አዳራሹ ሳቀ። ነገሩ የሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። በሩ ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ዘብ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዛውር ሰማሁ። ሚስቴ ሳህን ይዛ ስትሄድ ታየችኝ።

ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። እሱም የገጠር ልጅ ነው።

“መልካም። በደህና ዓመት ከሦስቱ ጋሻ ምን ያህል እህል ይገባልዎት ነበር?”

“በደህና ዓመትማ” አሉ አባቴ፣ ፊታቸው በራ፤ “ሲሶውን ወስደው፣ አሥራቱም ወጥቶ፣ ለዘርም አስቀምጠን፣ እስከ ሚያዝያ የሚያደርስ ይተርፈን ነበር።”

“ሲሶውን የሚወስደው ማነው?”

አባቴ እንደገና አማቼን አዩ።

“ባለ መሬት የገባለትን ነው የሚያወራው፣ አባት” አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ። “የተረፈውን የሚያወራ ጭሰኛ ነው።” ወደ ጸሐፊው ዞረ። “ጻፍ።”

ጭብጨባው ቀለጠ። “መሬት ላራሹ!” ሲባል ግራ እጄን ከሁሉም አስበልጬ አነሳሁ፤ መትረፌ ነዋ! የአባቴ ሁለት እጆች በትሩ ላይ እንደተጫኑ ቀሩ። አማቼ ቆባቸውን አጥልቀው በአጠገባችን አለፉ፤ ሰላም አላሉንም።

እቤት ስንገባ ሚስቴ ለአባቴ ስንቅ ቋጥራ ጠበቀችን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። “እኔማ የተጣፈ ጫማህን ያየሁ ዕለት አውቄዋለሁ” አለችኝ በጆሮዬ። አባቴ ግን ይደሩ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ።

ወደ አውቶብስ ተራ ስሸኛቸው ከፊቴ እየቀደሙ ይራመዱ ነበር። እኔም ይቅርታ እንዴት እንደምጠይቅ እያሰብኩ ስንቃቸውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። መርካቶ ልንደርስ ስንል ድንገት፣

“የትኛው ነበር?” አሉኝ።

“ምኑ?”

“ሦስቱ ጋሻ። ስትልክ የትኛውን መሬት አስበህ ነው?”

“ከገደሉ አፋፍ ጀምሮ ዋርካው ድረስ” አልኩ መሬት እያየሁ። “የሚያርሱት ማሳም መሃሉ ላይ አለ።”

ጥቂት ሄዱ። “ከዋርካው ወዲያ ያለው ግጦሽስ?”

“እሱም አለበት።”

“ወንዙስ?”

“ወንዙን... ይበዛል ብዬ ተውኩት።”

አባቴ ቆሙ። ከአዳራሹ ከወጣን ወዲህ ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያዩት።

“ታዲያ ከብቶቼ ምን ሊጠጡ ኖሯል?”