የይታይሽ ክርስትና

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ያጫት ልጅ ከጴንጤ ቤተሰብ መሆኗ ታወቀና፣ ሽማግሌዎቹ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቴ ተቀምጠው ማኅተም ያለባትን የልጅቷን የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ ይህ ጥምቀት ይቆጠራል አይቆጠርም ሲሉ ዋሉ። እኔ እንኳ አንድ የጀርመን መነኩሴ ከሮማው ፓፓ ተጣልቶ የፈረንጅ ክርስቲያን እንዴት እንደተከፈለ፣ በዚያም ሰበብ ስንት ዘመን እንደተፋጀ ለተማሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ክርክሩ አዲስ አይሆንብኝም። ወረቀቷ እጄ ስትገባ ግን ማንበብ አቃተኝ። ከዲማ ማዶ ያለችው የእኛ ሚካኤል፣ አባቴና ታናሽ እኅቴ ይታይሽ ድቅን አሉብኝ።

አባቴ ገላው ያን ጊዜ ዲያቆን ነበር። እርፍ መያዝ አይሆንለትም፤ እናቴ በሬዎቹም ንቀውታል እያለች ትስቅበት ነበር። ዜማ ሲጀምር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር የቆመው ሰው ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል። በክረምት ማለዳ፣ ሣሩ ጤዛ ጠጥቶ፣ የራሰ ጋቢና የጧፍ ሽታ ተቀላቅሎ፣ እኔ ከእናቴ ኋላ ቆሜ ያን ድምፅ ስሰማ፣ እግዜር ራሱ የእኛ መንደር ሰው ይመስለኝ ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ከሁለቱ ቄሶቻችን አንዱ ከአርበኞቹ ጋር በረሃ ወረደ፤ ሌላውን ንዳድ ገደለው። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አይቆምምና ሚካኤል ተዘጋ፤ ሬሳ ያለ ፍትሐት፣ ሕፃን ያለ ክርስትና መቅረት ጀመረ። ከጥንት ጀምሮ ጳጳሳችን ከግብፅ፣ ከእስክንድርያ መንበር ይመጣ ነበር። ጣሊያን ያን ገመድ ቆርጦ ሹመቱ እዚሁ ይሁን አለ፤ እስክንድርያም በዚያ የተሾሙትን ሁሉ አወገዘች። የተማረው አባቴ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና፣ መንደርተኞቹ ሄደህ ቅስና ተቀበል ሲሉት አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ የመንደራችን ጭቃ ሹም አያ ተሰማ፣ የልጅ ልጁ ሳይጠመቅ የሞተበት ሽማግሌ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ተንበረከከ፤ ኃጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን አለ። አባቴ የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ ጣሊያን በሾመው ጳጳስ እጅ ቄስ ሆኖ ተመለሰ።

መጀመሪያ ያጠመቀ ቀን ከሕፃኑ ይልቅ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነበር ይባላል። ይታይሽን በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ራሱ አጠመቃት። የምንጩ ውኃ ሲነካት እንደ ልጅ ሁሉ በማልቀስ ፈንታ አስነጠሳት፤ አባቴ ጸሎቱ መካከል ሳቀ፣ የክርስትና እናቷም በዓይኗ ገሠጸችው። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ኩፍኝ ወሰደብን። የፈታትም እሱ ነው፤ ሲፈታት ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ተቋረጠ። እናቴ ግን ተጽናናች፤ ማዕተብ አስራ ነው የሄደችው፣ አባቷ ያጠመቃት ልጅ የት ትጠፋለች ትል ነበር።

ከዚያ ጣሊያን ወጣ። አገሩ ደስ አለው፤ እኛም እልል አልን። ብዙ ሳይቆይ፣ በዚያ ዘመን ቅስና የተቀበሉ ሁሉ ደብረ ማርቆስ ቀርበው ንስሓ ይግቡና ከውግዘቱ ተፈትተው ያገልግሉ የሚል ቃል መጣ። አባቴ አልተከራከረም፤ ሄደ፣ ተፈታ፣ ተመለሰ። በትእዛዙ ስለ ተጠመቁት ሕፃናት አንድ ቃል አልነበረም። የሕፃናቱን ነገር የጨመረው የእኛ መንደር ነው። ክህነቱ የጣሊያን ከሆነ ጥምቀቱም የጣሊያን ነው አሉና፣ አባቴ በጣሊያን ዘመን ያጠመቀውን ልጅ ሁሉ እንደገና ሊያስጠምቁ ተማከሩ። ሰው የአባቴን መስቀል መሳለም ተወ። እኔም ተውሁ። ወንዝ ዳር ከሴት ልጆች ጋር ሳለሁ አባቴ ሲያልፍ መስቀሉን ዘረጋልኝ፤ እነሱ ስለሚያዩኝ ጎንበስ ብዬ እግሬን የማጥብ መሰልኩ። እሱም መስቀሉን ወደ ጋቢው መልሶ አለፈ። ይኸው አርጅቼም ያን ቀን በእሱ ማፈሬ አልለቀቀኝም።

በቀጠሩት ጠዋት ከሌላ ደብር ቄስ አስመጥተው ልጆቹን ከምንጩ አጠገብ ሰበሰቧቸው፤ አንዳንዶቹ ጥርስ ያወጡ፣ በእግራቸው የሚሸሹ ነበሩ። ከፊት የተሰለፈው አያ ተሰማ ነው። አባቴ ቀስ ብሎ ቀረበ።

"በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እያላችሁ በየቀኑ ትደግማላችሁ። ይህቺ ስንተኛዋ ናት?"

አያ ተሰማ ዓይኑን ሰበረ። "አባ፣ እርስዎን ጠልተን አይደለም። ልጆቻችንን ግን ለጥርጥር አንሰጥም" አለ።

እናቴ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። "የሞተችዋስ? ይታይሽስ?"

እንግዳው ቄስ ወዲያና ወዲህ አየ፤ እግዚአብሔር ያውቃል አለ።

"አጥምቄያታለሁ" አለ አባቴ። እናቴ ወደ እሱ አልዞረችም።

አጥምቀው ሲያበቁ እናቴ የተረፈውን ውኃ በእንስራ ቀዳች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ ወደ ይታይሽ መቃብር አዝላ ወጣችና፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ አፈሰሰችው። እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበር። አባቴ ጥዱ ሥር ቆሞ አየ። ከዚያ መጥቶ ባዶውን እንስራ ከእጇ ወሰደና በትከሻው ተሸክሞ፣ አገር እያየው፣ እስከ ቤት ወረደ። በእኛ አገር ወንድ እንስራ ሲሸከም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰው ያን ዘመን ሲያነሳ ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ ይላል፤ እውነት ነው። እኛን ግን ከቤታችን ገብቶ የጎዳን ጣሊያን አይደለም፤ እኛው ነን፣ እሱ ከሄደ በኋላ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ከሌላ ቄስ ጋር ቀደሰ እንጂ ሕፃን አላጠመቀም። ከይታይሽ በኋላ የተወለዱትን ሁለቱን ወንድሞቼን እንኳ፣ አርባ ቀናቸው ሲደርስ፣ ሌላ ቄስ ሲያጠምቃቸው ከሰው ጋር ቆሞ አየ።