የአክስቴ የጡት ልጅ

ጎንደር፣ ማለዳ

ጉዞዬ ከደባርቅ ወዲያ ገጠር የምትኖረውን አክስቴን እትዬ ጥሩወርቅን ለምኜ፣ ካልሆነም ተጣልቼ ሐኪም ፊት ለማቅረብ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት እንዳገኘች በስልክ ከነገረችኝ ሰንብቷል፤ ምርመራ ግን አልሄድም ብላለች። ከእናቴ ሞት ወዲህ ያለችኝ እሷ ስለሆነች ፈርቻለሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ያዝኩ። መኪና ላይ መተኛት አልወድም፤ ወሬ ያመልጠኛል።

ዳባት፣ ረፋድ

ቅቅል ድንች በዳጣ ገዛሁ፤ ዋጋው ከአምናው ጨምሯል፣ ዳጣውም እንደዚያው። አጠገቤ የነበሩት እናት ቆሎ ዘገኑልኝና የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም ድሮ ለጡት ምርመራ ደባርቅ ይሄዱ ነበር።

«በኮሮናው ጊዜ ቀረ፤ እኛም በዚያው ቀረን» አሉኝ።

ደባርቅ

ብርዱ ከመኪናው በር ላይ ተቀበለኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ብርቄ በስልክ እንደተቀጣጠርነው ትጠብቀኛለች። ሳቂታ ናት። በኮሮና ጊዜ ቤት ለቤት እየዞረች ክትባት ትሰጥ ስለነበር፣ ዛሬም ሴቶቹ ሲያዩዋት ክንዳቸውን እንደሚሸፍኑ አጫወተችኝ። ለጡት ምርመራ ስትጠራቸው መርፌ የደበቀች ይመስላቸዋል።

እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ ወደ ቡይት ራስ አቅጣጫ በእግር ወጣን። ከገብሱ ማሳ ዳር ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ፤ ቀና ብለውም አላዩን። እኔ አቀበቱን እያለከለክሁ ስወጣ፣ ሲስተር ብርቄ እየተራመደች ታወራ ነበር።

አክስቴ ቤት

አክስቴ እኔን አገላብጣ ሳመችኝ፤ ሲስተር ብርቄን ግን በሩቁ «እንደምን ዋልሽ» ብላ አለፈቻት። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሲስተር ብርቄ ክትባቱን ስትሰጣት «ምንም አይልዎትም» ብላት ኖሯል፤ በማግስቱ ብብቷ አበጠ። እብጠቱ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ፣ ቂሙ ግን አልጠፋም። የአሁኑንም «ያው የመርፌው ነው፤ እንደመጣ ይሄዳል» ትላለች።

ሲስተር ብርቄ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ብብትዎ ሊያብጥ እንደሚችል አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ያ ግን ሄደ። ይኸኛው አልሄደም፤ እባክዎ ልየው።»

አክስቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ «ጡቴን ባዕድ ነክቶት አያውቅም» አለች።

ባለቤቷ መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ጥግ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያውስ ባዕድ አታድርጊያት። የጡት ልጅሽ ትሁን፤ ዕርቁም በዚያው ያልቃል።»

እኔ የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ የምር ነው። በአገሩ ልማድ የተቀያየሙ የሚታረቁት እንዲህም ነውና፣ አክስቴ በጡቷ ምትክ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነከረች፤ ሲስተር ብርቄም ላሰችው። መሪጌታ መርቀው ወደ ተማሪዎቻቸው ወጡ። ያኔ አክስቴ የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች።

«ነይ እንግዲህ፤ ልጅ የእናቱን ጡት ቢነካ ነውር የለበትም።»

ሲስተር ብርቄ ቀስ ብላ ዳበሰች። እኔ ፊቷን ፊቷን አየሁ። ስትጨርስ አክስቴ ጎንደር ሄዳ በመሣሪያ መታየት አለባት አለች፤ በማግስቱም እሷ ራሷ፣ አሁን ልጅ ናትና፣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አብራን ወረደች።

ጎንደር፣ መመለሻ

ሐኪሙ ውሃ የቋጠረ እንጂ ካንሰር አይደለም ሲለን እኔ አለቀስኩ፣ አክስቴ ደግሞ ራበኝ አለች። ቤቴ ወስጄ ሽሮ አበላኋት።

ሴቶቹ ከምርመራ የቀሩት በሽታውን ንቀው ነው እል ነበር። ለካ በአንድ መርፌ የተቀየመ ሰው ለጠሪውም ለጥሪውም በሩን አብሮ ይዘጋል፤ እስካሁን ይቅርታ የጠየቀው ሰው ግን እንዳልነበረ ይህ መንገድ አሳየኝ።

አክስቴ ከበላች በኋላ ስልኬን ተቀብላ ለጎረቤቶቿ ደወለች። ስለ ካንሰርም ስለ ምርመራም አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ልጄ ትመጣለች» አለቻቸው፤ «በር ክፈቱላት።»