የእጅ አንጓ ልክ

ሰባተኛ ወሬን ስይዝ ያየኝ ሁሉ «አምሮብሻል!» ይለኝ ነበር። ፊቴ ሞልቶ፣ ጣቶቼ አብጠው፣ ቀለበቴ አልወጣ ብሎኝ፣ እኔ ግን ሙገሳውን ደስ እያለኝ እቀበላለሁ። ራስ ምታቱን በሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ አሳበብኩ። የእርግዝና ክትትል ቀጠሮዬንም ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ዘለልኩት። ግትር ነኝ፤ ባለቤቴ ቢጠየቅ ከዚህ የባሰ ቃል አያጣም።

ለእህቴ ሠርግ የምለብሰውን ቀሚስ የሚሰፉልኝ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያሉ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከወሎ የመጡ፣ እናቴን የሚያህሉ ሙስሊም ሴት። ልሞክረው ስሄድ እጅጌው አንጓዬ ላይ አላልፍ አለ።

«እትዬ፣ አጥብበውታል እኮ!» አልኩ ቆጣ ብዬ።

ደብተራቸውን ገልጠው ከሁለት ሳምንት በፊት የጻፉትን ልኬን አዩ፤ ከዚያ ሜትሩን አንጓዬ ላይ ጠመጠሙት። ፈትተው እንደገና ጠመጠሙት።

«ሆድስ ይደግ፤ የእጅ አንጓ ምን ሆኖ ነው የሚያድገው?» አሉ። «ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«ዓይንሽስ?»

ብልጭ ብልጭ እንደሚልብኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ዓይኔን ከእሳቸው ሳሸሽ ገባቸው።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ» አሉኝ።

«እርስዎ ልብስዎን ይስፉ፤ ሐኪም አይደሉም» አልኳቸው። ይህን መናገሬን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ግን የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው፣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

ነርሷ ግፊቴን ለካች፤ ያየችውን አላመነችም መሰለኝ ደግማ ለካች። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ወዲያው በአምቡላንስ ሆስፒታል ተላክሁ። የደም ምርመራው ሲመጣ ጉበቴ መጎዳት እንደጀመረ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትም በጣም እንደወረደ ሐኪሟ ነገረችኝ።

«መድኃኒቱ መውለድ ነው። ከቆየን ሁለታችሁንም ልናጣ እንችላለን» አለች። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ግፊቱ እንዳያንቀጠቅጠኝ የወጉኝ መርፌ መላ ሰውነቴን አቃጠለው። የማላውቃቸው ሰዎች የለገሱት ደም በክንዴ እየገባ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገፉኝ። እነዚያን ሰዎች መንገድ ላይ ባገኛቸው ለይቼ አላውቃቸውም። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ የሚጋፋኝን ሁሉ፣ ምናልባት እሱ ቢሆንስ እያልኩ፣ መቆጣት ትቻለሁ። ቢያንስ ቀንሻለሁ።

ልጄ ሁለት ኪሎ እንኳ ሳትሞላ ተወለደች። በአምስተኛው ቀን፣ እንድትሞቅ ደረቴ ላይ አስረውልኝ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ሳለ፣ እትዬ ልብስ ሰፊዋ ሊጠይቁኝ ገቡ። ያንን ክፉ ቃሌን ይቅር እንዲሉኝ ልለምናቸው ስሰናዳ ቀደሙኝ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉኝ።

አራስ ጥየቃ በሄድኩበት ሁሉ፣ እንደ «ደህና ዋላችሁ» ሳላስበው ስለው የኖርኩት ቃል ነው። «ማረችሽ» የሚለውን ግን ያን ቀን ገና ሰማሁት። አሜን ልል አፌን ስከፍት ልቅሶ ቀደመኝ።