በፊሽካ የሚታዘዝ ነጻነት

ፊሽካ ያለው የጭፈራ አሠልጣኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ደብረ ብርሃን፣ ድሮ እህል ይከማችበት በነበረ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ለዘውድ በዓል በአደባባይ የሚጨፍር ቡድን ይኑረን ብለው ከየክፍሉ ተማሪ ለቃቅመው ለዚህ ሰው አስረከቡን። ውጭ አገር ጥቂት ወራት ተቀምጦ የመጣ ነው። ከዚያ ያመጣው አንድ ረጅም ካፖርትና አንድ ረጅም ቃል ነበር፤ ካፖርቱን ለራሱ ለበሰው፣ ቃሉን ለእኛ ሰጠን። ቃሉ «ኢምፕሮቪዜሽን» ነው።

ሲተረጉምልን «ሳይዘጋጁ፣ ከራስ አፍልቆ፣ ነጻ ሆኖ መጨፈር» አለን። እርስ በርስ ተያየን። ታዲያ ጭፈራ ሌላ ምን ኖሯል? ሰርግ ቤት አቀንቃኙ ግጥሙን እዚያው ይፈጥረዋል፤ ከበሮ መቺው የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ይመታል፤ አንገቷን የምትሰብቀው ልጅ ቀጥላ ምን እንደምታደርግ ራሷም አታውቀውም። እኛ ግን ተማሪዎች ነበርንና ቃሉ ረጅም ስለሆነ ብቻ አጨበጨብንለት።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ነጻ እንሆናለን። እንደገና ሲነፋ ነጻነቱ ያበቃል። ከዚያ አንዷን ይጠራና «አንቺ፣ ቅድም ያደረግሽውን ድገሚው» ይላታል። ልጅቷ አታስታውሰውም፤ ብታስታውሰውም ነፍስ የለውም። እሱ ግን ደስ ብሎት ክንዷን ወዲህ ያቃናል፣ አገጯን ወዲያ ያዞራል፣ በመጨረሻም ሁላችንም ያንኑ እስኪሰለቸን እንድንደጋግመው ያዛል። ያማረ ነገር ባወጣን ቁጥር እንዲህ እያደረገ ገደለው።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ አንኮበር ደብር ያገለግል ነበር። በዝማሜ ጊዜ መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ ሰውነት ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ሁሉም ከጥንት የተወሰነ ነው፤ ማንም ከራሱ አይጨምርበትም። ያንን አከብረዋለሁ፤ ሥርዓት ነው፣ ሥርዓት ነኝም ይላል። የእኛ ሰውዬ ግን ሥርዓትም የለው፣ ነጻነትም የለው፤ ያለው ፊሽካ ብቻ ነው። ሰው ጠልቼ አውቃለሁ፤ እንደሱ የናቅሁት ግን የለም።

ለምን ጥለሽው አልሄድሽም ትሉኝ ይሆናል። ሌላ መውጫ አልነበረኝም። አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር፤ አባቴ ግን ለአንድ ዲያቆን ሰጥቶኛል። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት ነበረበትና ሰርጉ ከነቢያት ጾም በፊት እንዲያልቅ ተቻኩለው ነበር። ልጁን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ክፉ አይመስልም፤ ደግም አይመስልም፤ ምንም አይመስልም። በዚያው ሰሞን በበዓሉ ቀን የቴአትር ቤት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው አንዲት ልጅ መርጠው ይወስዳሉ ተባለ። ወይ እነሱ፣ ወይ ዲያቆኑ። አክስቴም አዝናልኝ ልምምዱን ለአባቴ የመዝሙር ጥናት ነው ብላ ነግራልኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ብርዱ የቆርቆሮውን ግድግዳ ሰንጥቆ የገባ መሰለ። ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። ፊሽካው ሲነፋ መንቀጥቀጤን አልተውኩትም፤ ወደ ጭፈራ አሻገርኩት። ቀስ በቀስ ትከሻዬን አበረድኩና አንገቴ ብቻ እንዲቀር አደረግሁ። ከለሚ የመጣው ከበሮ መቺያችን ምቱን ዝቅ አድርጎ በጣቶቹ ጫፍ ተከተለኝ። ሌሎቹ መጨፈራቸውን ተዉ። አሠልጣኙ እንኳ ፊሽካውን ረስቶ ቆሞ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አስታወሰው።

«ግሩም ነው» አለ። «መዝጊያችን ይኼ ይሆናል።» ከዚያ ከከተማው ትልልቅ ሰዎች የአንዱ እኅት ልጅ ወደሆነችው ተማሪ ዞረ። «አንቺ ያዥው።»

«ጋሼ፣ የኔ ነው እኮ» አልኩት።

«በኢምፕሮቪዜሽን የኔ፣ ያንቺ የለም። ቡድን ነን።»

የቡድን የተባለ ነገር ምንጊዜም ማን እጅ እንደሚገባ ልብ በሉ። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ታዛዥ ነበረች፣ እሱ ይብሳል። የሱፍ ሹራብ ደራርባ የምትመጣ ልጅ የእኔን ብርድ መስታወት ፊት ቆማ አጠናችው።

ይባስ ብሎ በመዝጊያው ላይ እኔና እሷ ፊት ለፊት እንድንቆም፣ እሷ ስትጨርስ እኔ ያንኑ ደግሜ እንድመልስላት አዘዘ። እንዲህ ብሎ የሚያዝ ጭፈራ አይቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ፊት ለፊትሽ የቆመው ለሚያወጣው ነገር ሌላ መልስ ትሰጪዋለሽ። ያንኑ መልሰሽ ካቀረብሽለት እያላገጥሽበት ነው፤ በዚህ የተነሣ ሰርግ ላይ ዱላ የተማዘዙ አሉ። ነገርኩት። «የገጠር ወሬ ተዪ» አለኝና ነፋ።

የበዓሉ ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። የቴአትር ቤቱ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው ካህናቱን ያየሁት። ለበዓሉ ጸሎት ከየደብሩ ተጠርተው ኖሮ፣ በጥላቸው ሥር ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አባቴ አለ። ከጎኑ የዲያቆኑ አባት። መውረድ አይቻልም።

ልጅቷ የእኔን መንቀጥቀጥ አንድም ሳታዛንፍ ጨረሰችው። ተራዬ ደረሰ። ፊቷን አየሁት፤ እንዳላላግጥባት የምትለምነኝ መሰለኝ። ምንም ቢመጣ ያንን ነገር መልሼ አላደርገውም። እሷ በአንገት ከጨረሰችበት ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ዛሬም አላውቀውም። ከመድረኩ ሥር ፊሽካ ሲጮኽ ሰማሁ። ከበሮ መቺውም ሰምቷል፤ እየሳቀ ምቱን አበረታ። ነጠላዬ ወደቀ፤ አላነሣሁትም። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

የቴአትር ቤቱ ሰዎች የመረጡት ልጅቷን ነው። ስለ እኔ «ይቺኛዋ ያንኑ ትደግመዋለች?» ብለው አሠልጣኙን ጠይቀውት «አትደግመውም» አላቸው አሉ። እውነቱን ነው።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አክስቴ ደጃፍ በቅሎውን ይዞ ቆመ። ግባ ቢባልም አልገባም። የዲያቆኑ አባት በሕዝብ ፊት ነጠላዋን የጣለች ልጅ የቄስ ሚስት አትሆንም ብሎ ነገሩን ማታውኑ አፍርሶታል። እኔ ይህን ገና አልሰማሁም። ሊወስደኝ ነው ብዬ ልብሴን ቋጥሬ፣ ዱላ እየጠበቅሁ ወጣሁ።

«ያንን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም አላስተማረኝም፣ አባባ።»

«እሱማ አይቻለሁ» አለ። ዕድሜውን ሁሉ ዝማሜ ሲያስተምር የኖረ ዓይኑ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከዚያ በቅሎው ላይ ወጣና ቋጠሮዬን በአገጩ አመለከተኝ።

«አስቀምጪው» አለና ብቻውን ወደ አንኮበር ሄደ።