በሳህኖች መካከል የተሰቀለችው ሸክላ

ኪዳነወልድ በገዛ ስጦታው ቀና። ከዚህ የከፋ ቅናት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ተወልዶ ያደገው ሐረር፣ ፈላና በር ነው። አያቱ ከጦር ጋር መጥተው ሐረር የቀሩ ወታደር፣ አባቱ የፖስታ ቤት መልእክተኛ ነበሩ። እሱ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥሎ ከአንድ የከተማው ባንድ ጋር ታምቡሪን መታ። ጠርዟ ላይ ትንንሽ ጽናጽል የተደረደረባትን፣ ሁሉም «ይቺንማ ማን ያቅተዋል» የሚላትን መሣሪያ። በ1967 ባንዱ አንዲት ትንሽ ሸክላ አስቀረጸ፤ በየፊቷ አንድ ዘፈን። ውጭ አገር በሦስት መቶ ቅጂ ብቻ ታትማ መጣች። ዓመት ሳይሞላ ባንዱ ተበተነ፤ ለኪዳነወልድ ሁለት ሸክላ ደረሰው።

አንዷን ለራሱ አስቀረ፣ ሌላዋን ለጓደኛው ለጀይላን የሠርግ ስጦታ አደረጋት። ጀይላን ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ማጫወቻ አልነበረውም። ሚስቱ ሶፍያ ግን ግድግዳ ነበራት። የሐረሪ ሙሽራ ግድግዳዋ በሳህንና በስፌት ካልተሞላ ቤት ገባች አትባልም። ሸክላዋ ክብ ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ መሐሏም ቀዳዳ አለው። ሶፍያ ክር አስገባችበት፣ አቧራ እንዳይነካት በላስቲክ ሸፈነቻት፣ በሁለት ሳህኖች መካከል ሰቀለቻት።

ኪዳነወልድ ያን ቀን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሶፍያ፣ ዘፈን እኮ ነው የሰጠሁሽ!»

«አቦ ተወኝ፣ ያምራል» አለችው።

በራሱ ሸክላ ግን ሠራባት። ሙዚቃ ቤት ከፈተ። አሠራሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ካሴት የሚቀዳው አንድ በአንድ ነበር። ደንበኛ ባዶ ካሴቱን ይዞ ይመጣል፣ ሸክላዋ ትዞራለች፣ ካሴቱ ይቀዳል። መቶ ሰው ከመጣ መቶ ጊዜ በመርፌ ትታረሳለች። መርፌው እየዘለለ ሲያስቸግር ኪዳነወልድ የማጫወቻው ክንድ ላይ ስሙኒ ይጭናል። ስሙኒዋ መዝለሉን ታስቆማለች፣ ሸክላዋን ግን እንደ ማረሻ ትገምሳለች። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ታምቡሪኗ ናት። ሰውዬው በገዛ ስሙኒው ራሱን ከዘፈኑ ፋቀ! ሲቸግረው «እኔ እኮ አለሁበት» ይላል፤ ሰፈሩም «ኧረ ባክህ፣ የት ጋ?» ይለዋል።

ባለፈው ጥቅምት ናትናኤል የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው ሸክላ እየገዛ ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች ማቅረብ ነው። ኪዳነወልድ ሸክላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አቀረበለት። ልጁ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ አያት።

«ጋሼ፣ ይቺ አልቃለች።»

«ያለቀችው ተወዳ ነው!»

«ሰብሳቢ ለተወደደ አይከፍልም፤ ለተረፈ እንጂ።»

ደም ያፈላል፤ ግን እውነት ነው። ሸክላ ውድ የሚሆነው ዘፈኑ ስለጣፈጠ ብቻ አይደለም። ጥቂት ይታተማል። ያም ጥቂቱ በጭፈራ ይላጣል፣ ቤት ሲለቀቅ ይሰበራል፣ የእንስራ ክዳን ይሆናል። ከዚያ የቀረችው አንዲቱ ትነግሣለች። ዋጋ የሰጠናት ሌሎቹን በማጥፋታችን ነው። ፈረንጅ ሲፈልጋት ደግሞ ለእኛም ድንገት ጆሮ ይበቅልልናል። እቤታችን ሳለች ማን ዞር ብሎ አያት?

ናትናኤል ሊወጣ ሲል ኪዳነወልድ አፉ አመለጠው። «ጓደኛዬ ቤትም አንድ አለች። እሷ ግን ጌጥ ናት።»

አብረው ሄዱ። ሶፍያ ላስቲኩን ስትገልጠው ሸክላዋ ትናንት ከሳጥን የወጣች ትመስል ነበር። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሁለት ሰንጋ ዋጋ ጠራ። ጀይላን «ሱብሃነላህ!» ብሎ መደቡ ላይ ቁጭ አለ።

ኪዳነወልድ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ተሟገተ። አንድ ቀን እንኳ ያልሰማት ሰው! የመታኋት እኔ፣ የሰጠኋት እኔ! «አውሼው ነው» ልበል ይሆን? ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ለቀረበ ስጦታ! ይህን ሁሉ አሰበ፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ናትናኤል ሳይሰማ አይከፍልም። የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ደግሞ ኪዳነወልድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሙዚቃ ቤቱ መጡ። ጀይላን ሸክላዋን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ አቀበለው። «አንተ እጅ ላይ ናት፤ ምን እፈራለሁ፣ ወላሂ።»

ስሙኒዋ እንደ ልማዷ ክንዱ ላይ ተቀምጣለች። ናትናኤል አጎንብሶ የካርቶን ሳጥኑን ያሰናዳል፤ አላያትም። ኪዳነወልድ አይቷታል። በኋላ ሲነግረኝ «ረስቼው ነው» አለ። ውሸት! በየቀኑ በእጁ የሚጭናትን ሳንቲም ማን ይረሳል? አንድ ጊዜ ብቻ በዚያ ባረጀ መርፌ ብትዞር የጀይላንም ሸክላ እንደ እሱ ትሆን ነበር። ገንዘቡን አልፈለገም፤ እኩል መሆንን ፈለገ። ቅናት ሲጸልይ እንዲህ ነው፤ «ለእኔ ስጠኝ» አይልም፣ «እሱንም ንሣው» ይላል።

መርፌውን አወረደው። ባዶው ጠርዝ ላይ ሽሽሽ አለ። ከዚያ ከጊታሩም ከዘፋኙም በፊት፣ ቅጭል… ቅጭል… ቅጭል።

ታምቡሪን። የሃያ ዓመት ልጅ እጅ።

ኪዳነወልድ ስሙኒዋን ከክንዱ ላይ መነጨቃት። ለጀይላን አዝኖ እንዳይመስላችሁ። ራሱን ሊያርስ ሲል ራሱን ሰማ፤ ይኸው ነው። ሳንቲሟን ጨብጦ እንደ ቆመ ዘፈኑ አለቀ።

«ይሄ ቅጭል ቅጭል የሚለው ምንድን ነው?» አለ ጀይላን።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? ያን ሁሉ ዘመን ቤቴ ተሰቅለህ ነው የኖርከው?» ጀይላን ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወውና «እስቲ ድገማት» አለ።

«አይሆንም ጋሼ» አለ ናትናኤል። «በዞረች ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል።» ሸክላዋን ራሱ አነሳ፣ ካርቶኑ ውስጥ አስገባ፣ ከፈለ፣ ሄደ። የሚገዛትም ሰው አይሰማትም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቆልፍባት።

ካሴት መቅጃው እዚያው፣ ከኪዳነወልድ እጅ ሥር ነበር። ዕድሜውን ሁሉ ለሰው ሲቀዳ የኖረ ሰው ለራሱ መቅዳት አልታወሰውም። ይሄን ረሳሁ ቢል ግን አምነዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሶፍያ መጣች።

«ኪዳኔ፣ ግድግዳዬ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ያንተን አሮጌዋን ስጠኝ።»

«አልቃለች እኮ፣ ሶፍያ።»

«አቦ፣ ግድግዳ ምን ጆሮ አለው?»

ኪዳነወልድ ሸክላዋን ከማጫወቻው ላይ አነሳ፣ ተከትሏት ሄደ፣ ክሩን ራሱ አስገብቶ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ሰቀላት። ከበሩ ላይ ሆነው ሲያዩዋት አዲስ ትመስላለች። ሊወጣ እግሩን ካነሳ በኋላ ተመለሰ።

«ላስቲኩስ?»

«ለዚች? ምኗ ይጠበቃል?»

«አልብሻት» አላት።