ጋሼ እንቢ ያሉት ቤት

የኩባንያ ቤት ሰንሰለት አይደለም። ሌክ ሲቲ ሰፈርም ሆነ ቤልቪው፣ እዚህ በስደት አገር ሁለት ሐበሻ በተገናኘበት ሁሉ ሰንሰለት ነው ይባላል፤ አሠሪህ ቤት ከሰጠህ አለቀልህ፣ ተሸጥክ። እንዲህ የሚሉኝን ሰዎች እነሱስ ከማን እንደተከራዩ እጠይቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ የተከራዩት አይተውት ከማያውቁት፣ ስልክ ከማያነሳ ሰው ነው። ነጻነት መሆኑ ነው።

የምሠራው መርከብ መጠገኛ ግቢ ውስጥ፣ መሣሪያ ክፍል ነው። በመስኮት ለሠራተኞች የሥራ መሣሪያ እሰጣለሁ፤ ጠያቂ ሲጠፋ መጽሐፍ አነባለሁ። የምንጠግነው የባሕር ኃይል መርከቦችን ቢሆንም ወታደሮች አይደለንም፤ የምንበይድ፣ የምንቀባ፣ ዝገት የምንፍቅ ሲቪሎች ነን። ሠራተኛው ቤት እያጣ ሥራውን ሲለቅበት ኩባንያው ዋይት ሴንተር ሰፈር ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ተከራይቶ ያከራየን ጀመር።

ከበያጆቹ አንዱ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የሚያድሩት ሌክ ሲቲ፣ የአክስታቸው ልጅ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነበር። ለዓመታት የጠበቁት የባለቤታቸው ቪዛ ተገኝቶ እሳቸው በወሩ መጨረሻ ከአገር ቤት ሊገቡ ነው። ሶፋው ደግሞ ለሁለት አይሆንም። ስለዚህ ለኩባንያው ቤት ተመዝግበው ተራ ይጠብቁ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፊታቸው ጠቁሮ ወደ መስኮቴ መጡ።

«ቤቱን ለሌላ ሊሰጡት ነው» አሉኝ።

«እንዴት? ስምዎ ዝርዝሩ ላይ ነበር'ኮ።»

«ትናንት ቤት የምታድለው የቢሮዋ ልጅ ኮል አደረገችኝ። ባለ አንድ መኝታ አለ፣ ትፈልጋለህ ወይ አለችኝ። አይ፣ ግድ የለም፣ ልጆች ላሏቸው ስጡ አልኳት።»

«ምነው ጋሼ!»

«ሶ ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ! ኦኬ ብላ ዘጋችው። አንዴ ጠይቆ መተው አለ?»

ልስቅ ፈልጌ አልቻልኩም። እኔም እዚህ አገር የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት ሊሰጠኝ በነበረው ካፖርት ፈንታ ይሉኝታ ለብሼ ነው።

መስኮቱን ዘግቼ አብሬያቸው ወደ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ዝርዝሯን ከፈተች። የጋሼ ስም ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል።

«ራሱ አልፈልግም አለ» አለች፤ በክፋት አልነበረም።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢታ ሰላምታ እንደ ማለት መሆኑን አስረዳኋት። 

«ታዲያ ስንት ጊዜ መጠየቅ አለብኝ?»

«ሦስት።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። «ቤቱን ትፈልጋለህ?»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። «እርግጥ ሌላ የተቸገረ ካለ...» ብለው ሲጀምሩ እግራቸውን ረገጥኳቸው። የሥራ ጫማቸው አፍንጫው ብረት ስለሆነ አልተሰማቸውም።

«ትፈልጋለህ?» አለች እንደገና።

«የስ!» አሉ፣ ሦስተኛውን ሳይጠብቁ።

ውሉን እኔ አነበብኩላቸው። ሰንሰለት የሚባለው አንቀጽ አለበት፤ ሥራ የለቀቀ ሰው በስልሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ያስረክባል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ መርዶ ነገርኳቸው።

«ስልሳ ቀን?» አሉ ጋሼ። «የአክስቴ ልጅ'ኮ የሰጠኝ እስከ ቅዳሜ ነው!»

ባለቤታቸው የገቡ ሰሞን እራት ጠሩኝ። ሁለቱም በረንዳ ላይ ቆመው ከአውቶቡስ ስወርድ ያዩኝ ነበር። ምግቡ ሲቀርብ ከልማድ የተነሳ «በልቻለሁ» አልኩ።

«ኦኬ» አሉና ጋሼ ሳህኔን አነሱት። ባለቤታቸው ደነገጡ፤ እኔ ሳህኔን ለማስመለስ ለመንኩ።

አሁን ሁለተኛ ሕንፃ ሊከፈት ነው። ቅጹ መስኮቴ ላይ ተቀምጧል፤ ብዙዎች እያዩት ያልፋሉ። ግቢያችን ውስጥ የምትሠራ ከሆነ ና ውሰድና ሙላው። ሲደወልልህም በመጀመሪያው «እፈልጋለሁ» በል።